ከባለቤቴ ጋር የሠራናት የአፈር ጋሪ

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ ባሕር ማዶ፣ ዋይት ሲቲ በሚባል ሰፈር ከምንኖርበት ፎቅ ሥር አንዲት ጋራዥ ነበረችን። መኪና ግን ገብቶባት አያውቅም። እሱ የአውቶቡስ መካኒክ ነበር፤ ቅዳሜ ከሥራው ሲያርፍ ደግሞ እዚያ ገብቶ ሌላ ብረት ሲፈታ ይውላል። እኔም ሻይ ይዤለት እወርድና ሳላስበው እጄ ግራሶ በግራሶ ሆኖ እመለሳለሁ።

አንድ የጸደይ ወቅት፣ አፈር የምትሸከምና በራሷ የምትሄድ ጋሪ ልንሠራ ተነሣን። ከአካባቢው አስተዳደር፣ ከካውንስሉ፣ የተከራየናት የአትክልት ቦታ ዳገት ላይ ስለነበረች ፍግ በእጅ ጋሪ ስንገፋ ወገባችን ተቆርጦ ነበር። የቤንዚን ሞተሩን ካሮጌ የሣር ማጨጃ ነቀለው። የዘይት ፓምፑን ከተጣለ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ከፎርክሊፍት ላይ አገኘ። ሞተሩ ፓምፑን ያዞራል፣ ፓምፑ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ደግሞ ጎማዎቹን ያሽከረክራል፤ ሐሳቡ ይኸው ነበር።

የሞከርናት ዕለት ባዶዋን ሽው አለች። እልል አልኩ። ፍግ ጭነን ዳገቱን ስናስጀምራት ግን ሞተሩ አቃስቶ ጠፋ። አስነሣው፤ አሁንም ጠፋ።

«ትልቅ ሞተር እንፈልግላት እንዴ?» አልኩት።

መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሲያያት ቆየ። «ፓምፑ ነው የበዛባት» አለኝ። «ባንድ ዙር ብዙ ዘይት ይገፋል፤ ሸክም ሲመጣ ይሄ ሞተር አይችለውም። አነስ ያለ ፓምፕ ከገባላት ትወጣለች። ግን ቀስ ብላ ነው።»

«ማን አስቸኮለን?»

ሳቀ። ያን ሰሞን ትንሽ ፓምፕ ፈልጎ ገጠመላት።

እውነትም ወጣች፤ ያውም ሞልተን ጭነናት። እሱ በአንድ ጎኗ፣ እኔ በሌላው ሆነን እየተራመድን፣ በሞተሩ ጩኸት ላይ እየጮኽን እናወራ ነበር። ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ አዲስ አበባ ሳለን ስለተከራየናት አንድ ክፍል። ቤት ውስጥ እኮ ሁለታችንም በሥራ ደክመን ቴሌቪዥኑ ፊት ነበር የምንተኛው።

እሱ ካረፈ በኋላ ከፎቁ ሥር የነበሩት ጋራዦች ፈረሱ። ጋሪዋን ለአትክልት ቦታ ጎረቤቶቼ ሰጠኋቸው፤ ዛሬም ተራ በተራ ይሠሩባታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቲማቲሜን ላጠጣ ጎራ እላለሁ። ሲያዩኝ ሞተሩን ሊያጠፉልኝ ይነሣሉ፣ ጩኸቱ የሚረብሸኝ መስሏቸው።

«ተዉት፣ ይሥራ» እላቸዋለሁ።