በአቶ በራሶ ስም የሄደው ናሙና

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም፤ ለእናቴም አልነገርኩትም። በጸሎት ጊዜ እንኳ ድምፄን አውጥቼ አላልኩትም፤ እግዜር ያውቀዋል ብዬ ነው ያለፍኩት። እናንተ ግን አታውቁኝም። ነገ ዲላ መናኸሪያ ብንገናኝ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተን እንተላለፋለን። ለዚህ ነው ለእናንተ የምናገረው፤ ፈሪ ሰው የሚናዘዘው ለማያውቀው ሰው ነው።

ነርስ ነኝ። የኮሮናው ጊዜ አልፎ ማስኩ ከፊታችን ከወረደ በኋላ፣ ሳልና የመተንፈስ ችግር ይዟቸው የሚመጡ አዋቂዎችን በሚመለከት አንድ ጥናት ላይ ናሙና ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። በሽተኛውን እጠይቃለሁ፣ አስፈርማለሁ፣ ጥጥ የተጠቀለለበትን ቀጭን እንጨት አፍንጫው ውስጥ አዙሬ አወጣለሁ፣ ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ የበረዶ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው ሥራው። እሱንም አበላሸሁት።

አቶ በራሶ ከወናጎ የመጡ የቡናና የእንሰት ገበሬ ናቸው። ስድሳውን አልፈዋል፤ አስም አለባቸው፤ ያን ቀን ሳሉ ብሶባቸው ነበር። ጠየቅኳቸው፣ ፈረሙ፣ ቁጥራቸው ያለበትን ስቲከር ብልቃጡ ላይ ለጠፍኩ። እንጨቱን ከአፍንጫቸው ሳወጣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ግን አላማረሩም። ልክ በዚያች ሰዓት ስልኬ ጠራ። ጓደኛዬ ናት፤ ስለ አንዲት የጋራ ወዳጃችን አዲስ ወሬ ይዛለች። እንጨቱን ብልቃጡ ውስጥ መክተት የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነበር። እኔ ግን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሽማግሌውን በእጄ ሂዱ ብዬ አሰናበትኩና ወሬዬን ቀጠልኩ። ዞር ስል እንጨቱ ወለሉ ላይ ወድቆ ጭቃ ነክቶታል።

ናሙናውን የሚወስደው መኪና በር ላይ ቆሟል። ሰውየው ወናጎ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብተዋል። ናሙናው ተበላሸብኝ ብል ምን ይመጣብኝ ነበር? ቢበዛ አንድ ቁጣ። እኔ ግን የእሳቸውን እንጨት ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ፤ በሩን ዘጋሁ፤ አዲስ እንጨት ፈትቼ የራሴ አፍንጫ ውስጥ ከተትኩ። አፍንጫ አፍንጫ ነው አልኩ። እኔንም እኮ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ሳቅሁ። አዎ፣ ስቄያለሁ፤ ይህንንም ጻፉብኝ።

ውጤቱ በዘጠኝ ቀኑ መጣ። ከአቶ በራሶ ቁጥር ፊት ለፊት ኮሮና ቫይረስ ይላል። ያ ዓለምን የዘጋው አይደለም፤ ከጥንት ጀምሮ ከሰው ጋር የኖረ፣ ጉንፋን የሚያስይዝ ዘመዱ ነው። ስልጠና ላይ ተምረነዋል። ለታካሚው መንገር የእኔ ሥራ ስለሆነ ደወልኩ። ተራ ጉንፋን ነው ብል ይበቃ ነበር። አዋቂ ለመምሰል ፈለግሁና ስሙን ጠራሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያኛው አይደለም፣ ቀላሉ ነው ብል ማን ይሰማኛል? ኮሮና ግን ነው? አሉኝ። ስሙ ነው አልኳቸው። ሕመሙ የእኔ፣ አፍንጫው የእኔ፣ ስሙን ግን ለእሳቸው ሰጠሁ።

በአራተኛው ቀን እሳቸው ደወሉ። ገደብ ከተማ እህታቸው ቤት የሚኖሩት እናታቸው ታመዋል፤ በጣም ደክመዋል፤ የበኩር ልጄን አምጡልኝ እያሉ ነው። አቶ በራሶ ግን ውጤቱን ከሰሙ ጀምሮ ጓዳ ገብተው ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ ሰሐናቸውን እንኳ ለይተዋል። አማርኛን ከጎለመሱ በኋላ የተማሩ ናቸውና ሴቱንም ወንዱንም እንደ ወንድ ነው የሚያናግሩት። «ልጄ፣ አንተ ነህ የምታውቀው። ልሂድ ወይስ ልቅር?» አሉኝ።

እስቲ ቆም ብላችሁ ይህን ጥያቄ ስሙት። አንድ ሰው እናቱን ለማየት የእኔን አፍ ይጠብቃል። የእርስዎ አይደለም፣ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። እሺ፣ ይህን ፈራሁ እንበል፤ ይሂዱ ማለት እንኳ ምን ከበደኝ? እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። ሄደው እናቲቱ ቢሞቱ፣ ኮሮና ያለበትን ሰው የላከችው ነርሷ ናት ይባላል፤ አለቃዬ ይጠራኛል፤ እሳቸው እንደገና ይመርመሩ ይባላል፤ ያን ጊዜ ጉዴ ይወጣል። ስለ ራሴ ብቻ ነው ያሰብኩት።

«ለጥንቃቄ ብለው ትንሽ ይቆዩ» አልኩ። እሺ አሉ። አልተከራከሩኝም። ቢከራከሩኝ ምን ነበረበት?

እናታቸው በሳምንቱ ሞቱ። ይህን ያወቅሁት ከወር በኋላ አቶ በራሶ ራሳቸው መጥተው ሲነግሩኝ ነው። በቀብሩ ቀን ገደብ ድረስ ሄደው፣ አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው መንገድ ማዶ ቆመው ነበር። ዘመዱ ሁሉ አፈር ሲያለብስ እሳቸው አልቀረቡም። እህታቸው እስከ ዛሬ አኩርፋቸዋለች። ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ ይወቅሱኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን ያዙ። «ቤት ያለው ሁሉ ደህና ነው። አንተ ባትነግረኝ እጨርሳቸው ነበር። ተባረክ» አሉኝ።

አንዳንድ ቀን ሰበብ እፈልጋለሁ። ምናልባት በእሳቸውም ላይ የሚተላለፍ ነገር ነበረ፤ ምናልባት መቅረታቸው ደግ ነበር እላለሁ። ግን በምን ይታወቃል? ናሙናቸውን እኔው ጥዬዋለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው እያደር ደፈረሰ።

ልንገራቸው? ጥናቱ አልቋል፤ አሁን ሥራዬን አጣለሁ ብዬ አይደለም የምፈራው። እኚህ ሰው እናታቸው ዘንድ ያልደረሱት ሌላውን ለማዳን እንደሆነ ያምናሉ፤ የቀራቸው መጽናኛ ይህ ብቻ ነው። በአንዲት ሐሜት ምክንያት ነው ብዬ ይህንንም ልውሰድባቸው? ባልነግራቸውስ፣ ሆድ ይፍጀው እያልኩ እስከ መቼ? ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ምን እንዳደረግኋቸው አያውቁም።

ዲላ ገበያ በመጡ ቁጥር ሰላም ሳይሉኝ አይመለሱም። ባለፈው ሳምንትም መጡ። ሁለት እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው ዕድሜ ለመኑልኝ፤ ጤና ለመኑልኝ፤ ልጆችህ ይጡሩህ አሉኝ። ሽማግሌ ሲመርቅ ዝም አይባልም። አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ።