ሐረግ ከራስጌ፣ ስም ከግርጌ

አዋጅ! ጆሮ ያለህ ስማ፤ ጆሮ የሌለህ ስልክህን ከፍተህ አንብብ። ከጋሸና እስከ ወገል ጤና፣ ብሎግ ያለህም፣ ብሎግ ሊኖርህ ያሰብህም፣ ብሎግ ምን እንደሆነ ሳታውቅ «የኛም ድርጅት አለው» የምትል ሥራ አስኪያጅም ጭምር! ባንቺዓለም ወልደ ኪዳን የተባለች፣ ሹመት የሌላት፣ ማኅተም የሌላት፣ የምትቀመጥበት ወንበር እንኳ የተውሶ የሆነባት የላሊበላ ልጅ፣ ከዛሬ ጀምሮ በሕይወት መኖሯ ታውቆላታል። ይህን አልሰማሁም ብትል አንሰማህም።

አንዲት ጤነኛ ወጣት በሕይወት ለመኖሯ አዋጅ ያስፈለጋት እንዲህ ሆኖ ነው።

ባንቺዓለም የመሪጌታ ወልደ ኪዳን ልጅ ናት። አባቷ ብራና ጸሐፊ ናቸው። በመጽሐፍ ራስጌ ላይ እንደ ወይን ቅርንጫፍ እየተጠላለፈ የሚወርደውን ጌጥ፣ ሐረጉን፣ እንደ እርሳቸው የሚስል ሰው ነበር ቢባል እንኳ አሁን የለም። ልጅቱ ከትከሻቸው በላይ አሻግራ እያየች አደገች፤ ከዚያ ወልዲያ ሄዳ ኮምፒውተር ተማረች፤ ተመለሰች። የተመለሰችው መጀመሪያ በሽታው፣ ቀጥሎ ጦርነቱ ቱሪስቱን ባጠፋበት ዘመን ነው። አስጎብኚው ሁሉ እጁን አጣምሮ፣ የቀረችውን ዳታ እየቆጠበ ብሎግ መክፈት ጀምሮ ነበር። ብሎጎቹ ግን የሚያሳዝኑ ነበሩ። ገጽታቸው ፊደላችንን አይቶ በማያውቅ ሰው የተሠራ ስለሆነ መስመር በመስመር ላይ ወጥቶ፣ የላይኛው ፊደል እግር የታችኛውን ራስ ይረግጣል።

እርሷ ቁጭ ብላ አንድ ቴምፕሌት ሠራች። ቴምፕሌት ማለት ብሎጉ የሚለብሰው ልብስ ነው፤ ጽሑፉ ያንተ፣ ልብሱ የእርሷ። ከራስጌው የአባቷ ሐረግ ይወርዳል፤ ፊደሉ መተንፈሻ አለው፤ በአሮጌ ስልክም ይከፈታል። ስሙን «ሐረግ» አለችው፤ በነጻም ሰጠችው።

ከመስጠቷ በፊት አባቷን ጠየቀች።

«አባባ፣ ስሜን የት ላድርገው?»

«ከግርጌ ነዋ! ጸሐፊ ከራስጌ ተጽፎ ያውቃል? ደግሞ የዓለም ስምሽን አይደለም፤ የክርስትና ስምሽን።»

«ሰው አያውቀውማ!»

«እግዜር ያውቀዋል፤ አይበቃሽም?»

እግዜር እንደሚያውቀው አልተጠራጠረችም፤ የጠረጠረችው ሰዉን ነበር፤ ልክም ነበረች። ያም ሆኖ የአባቷን ቃል አክብራ ከግርጌው እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ይህን ገጽ የሠራችውን ወለተ ሐናን በጸሎታችሁ አስቧት።» ፍላሽ ይዞ ለመጣ ሁሉ ቴምፕሌቱን እየገለበጠች «ነጻ ነው፤ ከግርጌ ያለችውን መስመር ብቻ አትንኩብኝ፤ የተበላሸ ካያችሁም ንገሩኝ» ትል ነበር። የጠየቀችው ዋጋ በሙሉ ይኸው ነው።

በላስታ የአንድ ሰው እህል ሲደርስ ደቦ ይጠራል፤ ጎረቤት ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ ሠርቶ ይበላል። ወደ ባንቺዓለም ደቦ የመጣው ሰው ግን ጉሮሮውን ብቻ ይዞ ነው የመጣው። ሆቴሉ ወሰደ፤ የማር ነጋዴው ወሰደ፤ ስለ ሐቀኝነት በየሳምንቱ የሚጽፈው መምህርም ወሰደ። «ይህቺ ጋ ተበላሽቷል» ያላት የለም፤ «እግዜር ይስጥልን» ያላትም የለም። የሁሉም የመጀመሪያ ሥራ ግርጌውን መፋቅ ሆነ። በፋቁበት ቦታ ላይ የጻፉት ደግሞ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚል ነው። የማን መብት? ከማን የተጠበቀ? ከባንቺዓለም ነዋ!

በጦርነቱ ሰሞን ላፕቶፗ ተወሰደ። ማን ወሰደው አይባልም፤ ያኔ የሄደ ነገር ሁሉ «ተወሰደ» ብቻ ነው የሚባለው። ረቂቁም፣ የተሠራበት ቀን የተመዘገበበት ፋይልም አብሮ ሄደ። አገር ሲረጋጋ በተውሶ ላፕቶፕ ላይ ተቀምጣ፣ የገዛ ሐረጓን ከማር ነጋዴው ብሎግ ላይ ቀድታ እንደገና አበጀችው። የአገሬው ሌባ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም፤ የተሰረቀው ሰው ዕቃውን ከሰራቂው ለምኖ ሲዋስ።

ባለፈው ሰኞ ስልኳ ጮኸ። የደወለችው ሰርካለም ትባላለች፤ አዲስ አበባ ውስጥ የልጆች መጻሕፍትን በኢንተርኔት በሚያወጣ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ሐረግን አይተውታል፤ ወደውታል፤ የሠራውን ሰው ሊቀጥሩ እንደሚፈልጉ ማስታወቂያ አውጥተው ባንቺዓለም ጽፋላቸው ነበር። ሥራው እዚያው ላሊበላ ሆኖ ከቤት የሚሠራ ነው። ለባንቺዓለም ይህ ማለት የአባቷ ዓይን በደከመበት ጊዜ ጥላቸው አትሄድም ማለት ነው፤ ካልሆነ ያለው ምርጫ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ወርዶ ሱቅ መጠበቅ ነው፤ አክስቷ ደግሞ ቀኑን ቆርጣ ጨርሳለች።

«አንድ ችግር አለ እህቴ» አለች ሰርካለም። «ሐረግን የሠራሁት እኔ ነኝ ያለ ሌላ ሰውም ከዚያው ጽፎልናል።»

«ማን የሚሉት?»

«ደርበው።»

ባንቺዓለም በደንብ የምታውቀው ስም ነው።

«እኔ አንቺን አምኜሻለሁ፤ ኮሚቴው ግን ማስረጃ ይላል። ያንቺ ያልሆነ፣ ሌላ ሰው የሚያዘው፣ ስምሽ ከግርጌው ያለበት አንድ ገጽ አሳዪኝ። አሁን ገብተሽ በራስሽ እጅ የምትጽፊው አይሆንም። አንድ ይበቃል፤ እስከ ዓርብ።»

ደርበው አስጎብኚ ነው። ብሎጉን የከፈተችለት፣ የይለፍ ቃሉን እንኳ ሲረሳ የምታስታውሰው ባንቺዓለም ናት። ሄዳ ስታገኘው ከአንድ ሆቴል በረንዳ ላይ እግሩን ሰቅሎ ሸለቆውን ያያል።

«ሐረግን የሠራሁት እኔ ነኝ ብለሃል አሉ።»

«ኧረ አንቺ! መጀመሪያ ሰላም ይባላል እኮ።»

«ሰላም። ብለሃል?»

«እንዴት መሰለሽ ባንቺዬ... ሠራሁት አላልኩም፤ አዘጋጀሁት ነው ያልኩት። ቀይ የነበረውን አረንጓዴ ያደረገው ማነው? እኔ አይደለሁ?»

«የአባቴን ቤት ቀለም ብትቀባው ቤቱ ያንተ ነው?»

«እሱ ሌላ! ይኼ ነጻ ነው። ነጻ ነው ያልሽውም ራስሽ ነሽ። ነጻ ነገር ደግሞ ባለቤት የለውም።»

ይህን የሚለው እንግዳ ይዞ ከዋሻ ውስጥ ወዳለችው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን የሚመላለስ ሰው ነው። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል ነጻ ነው፤ ሰው እየቀዳ ይሄዳል። እስከ ዛሬ ግን አንድም ሰው ቤቱ ሲደርስ «ይኼ ከኔ ቆርቆሮ የፈሰሰ ነው» ብሎ ጎረቤቱን አላጠመቀም። እንዲህ ያለውን ድፍረት ደርበውና ጓደኞቹ ለብሎግ አስቀምጠውታል።

«ስሜን መልሰው» አለችው። «ሌላ ምንም አልጠየቅሁህም።»

«ምን ብዬ? 'በጸሎታችሁ አስቧት' ብዬ? ደንበኛ ቢያየው የመቃብር ድንጋይ አይመስለውም?»

«ብሎግህ ላይ 'የላሊበላ ጠራቢዎች ስም አለመቆየቱ ያንገበግበኛል' የሚል ጽሑፍ አለ አይደል?»

«እሱማ ከሰው የቀዳሁት ነው» አለ፣ ቅንጣት ሳያፍር። «ስሚ፣ አትዘኚ። ሥራውን ካገኘሁ ረዳት አድርጌ እቀጥርሻለሁ።»

የሰጠችው መልስ እዚህ አይጻፍም፤ የመሪጌታ ልጅ ናትና። በረንዳው ላይ የነበረች ድመት ግን ተነሥታ ሄዳለች።

ከዚያ ቀንም ሌሊትም ገጽ ስትገልጥ ሰነበተች። ሐረግ የሌለበት ቦታ የለም፤ ወለተ ሐና ያለችበት ቦታም የለም። ተስፋ ልትቆርጥ ስትል በአንድ የጋሸና የጽዋ ማኅበር ብሎግ ላይ፣ ከግርጌው፣ መስመሯን እንዳለች አገኘቻት። አንዲት ፊደል አልተነካችም። ከመስመሯ ሥር ግን የበራች ሻማ ሥዕል ተጨምራለች፤ ከሻማዋ ሥር ደግሞ «ነፍስ ይማር» ይላል።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጋሸና ሄደች። የማኅበሩ ጸሐፊ የሻው ጎሚስታ ነው፤ መንገድ ዳር ከቆሙት የጭነት መኪኖች መካከል ጎማ ሲለጥፍ ደረሰችበት።

«አያ የሻው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ጎማ ነው?»

«ብሎግ ነው።»

«እ... እሱ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ከግርጌው ያለችውን ወለተ ሐናን ያውቋታል?»

«የኔ ልጅ፣ አላውቃትም። ነፍሷን ይማርና ደግ ሴት ሳትሆን አልቀረችም። ገጹን ከሰው ፍላሽ ነው ያገኘነው፤ እንዲሁ ትታልን ነው የሄደች።»

«እኔ ነኝ።»

የሻው ጎማውን ለቀቀው፤ አማተበ። «በስመ አብ! እንዴት እንዴት ነው ነገሩ? 'በጸሎታችሁ አስቧት' ካለ እኮ ሙት ነው! በሕይወት ያለ ሰው ራሱ ቆሞ ይጸልያል እንጂ ምን አስቡልኝ ያሰኘዋል?»

«አባቴ ናቸው እንዲህ ጻፊ ያሉኝ።»

«እኛ እኮ በየወሩ ስምሽን እንጠራለን። የካቲት ላይማ ዳቦ ተቆርሶልሻል። ጠላውም አያሳፍርም ነበር።»

እንግዲህ ተመልከት። ከዚህ ሁሉ ገልባጭ መካከል ስሟን ሳይፍቁ ያቆዩላት፣ ያከበሯት፣ የቆረሱላት እነዚህ ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የሞተች መስሏቸው ነው። ይህ ሕዝብ ለሙት ስስት አያውቅም፤ ለተዝካር በሬ ይጥላል፣ እንባውን እንደ ጎርፍ ያወርዳል። ሠሪው ቆሞ «ስሜን ብቻ ተዉልኝ» ሲል ግን ቦታ ይጠበዋል፣ ቀለም ያልቅበታል፣ ደንበኛ ይሸሽበታል። መመስገን ያማረው እንዲሞት ነው የሚፈለገው!

«እንግዲያው ሻማዋን ያንሱልኝ» አለች። «'ነፍስ ይማር' የሚለውንም። ስሜ ብቻ ይቅር።»

«እሱማ በስብሰባ ነው። ማኅበሩ በአንድ ድምፅ ሙት ያለውን እኔ ጎሚስታው በምን ሥልጣኔ አነሣለሁ? ስብሰባው የሚካኤል ዕለት ነው።»

«ሚካኤል ከዓርብ በኋላ ነው!»

«ታዲያ ሚካኤልን ጎትቼ ላምጣው?»

«እዚህ ቆሜ እያዩኝ አያ የሻው?»

«እኔማ አየሁሽ። ማኅበሩ አላየሽም።»

ስልኩን ሰጣት፤ የማኅበሩ ገጽ ተከፍቶ እጇ ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ ብትነካ ሻማዋ ትጠፋለች። ግን ሰርካለም በራስሽ እጅ አይሆንም ብላለች፤ ባንቺዓለምም እንደ ደርበው ልትሆን አልፈለገችም። ገጹን እንዳለ ፎቶ አንሥታ ስልኩን መለሰችለት። የሻው እስከ ሚኒባሱ ድረስ ሸኛት፤ ደግ ሰው ነው፤ ደንብ አክባሪ ደግ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ይገድላል።

ፎቶውን ላከች። ሰርካለም ወዲያው ደወለች።

«የኔ እመቤት፣ እዚህ ላይ እኮ ሞታለች ይላል። ለኮሚቴው ምን ብዬ ላቅርበው?»

«አልሞትኩም ብለሽ።»

«እሱን እኔ እነግራቸዋለሁ፤ እነሱ ግን ገጽ ነው የሚያዩት። ደርበው ብዙ ገጾች ልኳል፤ በሁሉም ግርጌ ስሙ አለ። አንዲት ሌላ ፈልጊልኝ፣ በማርያም።»

ብዙ ገጾች! የላካቸው የጓደኞቹን ብሎጎች ነው፤ በዚሁ ሳምንት ስሙን እየተቀባበሉ ጻፉለት። ለባንቺዓለም አንዲት መስመር የጠበባቸው ግርጌዎች ለደርበው ሜዳ ሆኑ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ባንቺዓለም ከጠዋት ጀምሮ ትደውላለች። የማር ነጋዴው «ልጁ ነው የሚያውቀው፣ ልጁ ደሴ ነው» አላት። ሆቴሉ ነገ ተነገ ወዲያ አላት። ስለ ሐቀኝነት የሚጽፈው መምህር ስልኩን አላነሣም፤ ምናልባት እየጻፈ ነው።

«አገኘሽ?» ይላሉ መሪጌታ ከውስጥ።

«ገና ነው አባባ።»

እንግዲህ አንተ፣ ይህን የምታነበው። ወደ ጎን አትይ፤ አንተን ነው። ከብሎግህ ራስጌ እየተጠላለፈ የሚወርድ ሐረግ ካለ ከየት እንደመጣ አሁን አውቀሃል። ገንዘብ አምጣ አላልንህም፤ እንባህንም አቆየው፤ ዳቦውንም ራስህ ብላው። ብቻ ዓርብ ሳይመሽ ወደ ግርጌው ውረድና የፋቅሃትን ያቺን አንዲት መስመር በገዛ እጅህ መልሰህ ጻፋት።