ሁለት ጊዜ አሥራ አራት

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ አንድ ቢሮ ኮምፒውተር ስሠራ ያቺ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። ይህ ቁጥር በሌላ ማሽን ተይዟል የምትለዋ። እጄ ከማውሱ ላይ ተነሣ። ሰዎቹ ምን ሆንክ አሉኝ።

ከዓመታት በፊት ነው፤ መስከረም ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልገባ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጀማል የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር፤ ያን ቀን ኮምቦልቻ፣ ወደ ሐጂ ይማም መድኃኒት ማከፋፈያ ይዞኝ ወረደ። በስድስት ኮምፒውተሮች ላይ የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ልንጭን። ጀማል ግን ሁልጊዜ ኔትወርኩን ያስቀድማል። ለእያንዳንዱ ማሽን የየራሱን ቁጥር ይሰጣል፣ ከዚያ ከዋናው ኮምፒውተር እየጠራ መልስ መስጠታቸውን ያያል።

"አድራሻው ላልታወቀ ቤት ዕቃ አትልክም" አለኝና ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ስድስት ያሉትን ቁጥሮች በወረቀት ጻፈ። የፊት ለፊቶቹን ሦስቱን እሱ ያዘ። መጋዘን ውስጥ ያሉት ሦስቱ፣ ዋናው ጭምር፣ ለእኔ ደረሱ።

መጋዘኑ ይሞቃል፤ ካርቶን ካርቶን ይሸታል። አሥር ሰዓት ላይ ደሴ የምጫወተው ኳስ ነበረኝ። ልቤ እዚያ ነው። ለአንዱ አሥራ አራት ሰጠሁ። ለሁለተኛውም፣ ወረቀቱን ሳላይ፣ አሥራ አራት። ሳጥኗ ያኔ ብቅ አለች። እንግሊዝኛውን አላነበብኩትም። ዘጋኋት፤ ለሦስተኛው አሥራ ስድስት ሰጠሁና ከዋናው ሳልጠራቸው ተነሣሁ።

"ሁሉም መለሱ?" አለ ጀማል ከበሩ ላይ።

"መለሱ።"

"አሥራ አምስትም?"

"አያ ጀማል፣ ሚኒባሱ ያመልጠናል!"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ።"

ሳቀ። "ለኳስ ሲሆንማ ማን ይቀድምሃል" አለና ወረቀቱ ላይ አሥራ አምስት አጠገብ ምልክት አደረገ። ማሽኑን አልፈተሸውም። በእኛ ቤት ወላሂ የተባለ ነገር አይፈተሽም። ፕሮግራሙን ጭነን ወጣን።

መናኸሪያው በር ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዛ። ገምሶ ትልቁን ሰጠኝ። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጉሙ ወርዶ ጠመዝማዛውን መንገድ ውጦት ነበር። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። "ብላ እንጂ" አለኝ። በላሁ። ኳሱንም ደርሼ ተጫወትኩ። ሁለት ጎል አገባሁ።

በማግስቱ በማለዳ ሐጂ ደወሉ። መጋዘን ውስጥ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይቋረጣል አሉ። ጀማል ስልኩን ዘግቶ አየኝ።

"ወላሂ ብለኸኛል አይደል?"

እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።

"ኬብል ይሆናል" አለ ራሱ።

"አብሬህ ልምጣ?"

"አንተ ምዝገባ አለብህ። ደርሼ እመለሳለሁ።"

ጃኬቱን ደርቦ ወጣ። ጉሙ ደጃችን ድረስ መጥቶ ነበር። አምስት እርምጃ ሳይሄድ ጠፋብኝ።

የተሳፈረበት ሚኒባስ ሐረጎ ላይ ገደል ገባ። ኮምቦልቻ አልደረሰም። በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ቀበርነው። ለቀስተኛው ሁሉ የአላህ ውሳኔ ነው ይለኛል። ለምን እንደ ወረደ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ጧት ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። ሐረጎን ዓይኔን ጨፍኜ አለፍኩ። ሐጂ ይማም ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

"ልጄ፣ ዛሬ ምን ልትሠራ መጣህ?"

"የቀረውን ልጨርስ።"

ሁለተኛውን አሥራ አራት አጥፍቼ አሥራ አምስት ጻፍኩ። ከዋናው ኮምፒውተር ስድስቱንም አንድ በአንድ ጠራኋቸው። ስድስቱም መለሱ።

"ጀማልም ሰው ነው፣ ቢሳሳት ምን ይደረጋል። አላህ ይማረው" አሉ ሐጂ ቀስ ብለው።

"ጀማል አልተሳሳተም። እኔ ነኝ። ወላሂ ብዬ ዋሸሁት።"

በእጃቸው የሚቆጥሩት ሙስበሃ ቆመ።

"አሁንስ ይሠራል?" አሉኝ።

ወላሂ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ከወንበሩ ተነሣሁ።

"ይቀመጡ ሐጂ፤ በዓይንዎ ይዩት" አልኳቸው።