ናጋራትና አካ የሸኘችው ዲስክ

ናጋራትና አካ፣ ታላቅ እህታችን ማለታችን ነው፣ ወደ ሥራ ክፍላችን በገባች ቁጥር እጇ ወደ ጸጉሯ ይሄድ ነበር። ከጉንጉኗ ላይ አንድ ነገር ልትፈታ የፈለገች ይመስል ትዳስሳለች፤ ባዶ ስታገኘው እጇን መልሳ ሳሪዋ ላይ ትጠርጋለች። የኔ ነገር አፌ አያርፍም፤ «አካ፣ ቅማል ነው እንዴ?» እላታለሁ። «አዎ፣ ያንተ ዘመዶች ናቸው፤ ሰላም ብለውሃል» ትለኛለች። የሷን ምላስ የሚችል ማን አለ!

ሥራችን መስበር ነው። ሕንድ አገር፣ ቤንጋሉሩ ከተማ፣ ፒኒያ ሰፈር፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር ያለች የቆርቆሮ መጋዘን አለችን። ባንኩም ቢሮውም አገልግሎቱን የጨረሰ የኮምፒውተር ዲስኩን ወደኛ ይልካል፤ እኛ ደግሞ በውስጡ የተጻፈው ዳግም እንዳይነበብ አድርገን እናጠፋዋለን። እኔ ጋንጋዳር የዲስኩን መለያ ቁጥር አነባለሁ፤ ናጋራትና አካ በመሰርሰሪያው ሆዱን ትበሳዋለች፤ ከዚያ ወደ መፍጫው ይገባል። አንዳንዱ ደንበኛ «እኛ እኮ ደምስሰነዋል፣ ምን መስበር ያስፈልገዋል?» ይላል። ኤዲያ! ደመሰስኩ ብሎ ገመናው ገበያ የወጣበት ስንት አለ መሰላችሁ! ኮምፒውተር አጠፋሁ ሲላችሁ አትመኑት። የባለቤቱን ስም ከበሩ ላይ ፍቆ ዕቃውን እዚያው ቤት ነው የሚተወው።

ይህን ከሷ ነው የተማርኩት። አዲስ ሰው ሲቀጠር ዲስክ በእጁ ታስይዘውና «የሰው ሆድ ነው የያዝከው፤ ሆድ ይፍጀው በል» ትለዋለች። አንድ ጊዜ አንዱ ባለሙያ ነኝ ባይ፣ ፊልም አይጠፋውም ብሎ፣ ሊሰበር የመጣ ዲስክ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ያዘችው። በነጠላ ጫማዋ እስከ በሩ ነዳችው። የድርጅቱ ባለቤት ኢምቲያዝ ባይ፣ ወንድም ኢምቲያዝ ማለት ነው፣ ሊገላግል መጥቶ እሱም አንድ ቀመሰ። ቢሆንም ሰውየውን በማግስቱ አሰናበተው።

ምሳ ስንበላ ነው ወሬዋ የሚመጣው። የዳጉሳ ድብልብሏን በመረቅ እያጠቀሰች፣ ድሮ ልጃገረድ ሳለች ስለሠራችበት ፋብሪካ ታወራናለች። እዚያ ደግሞ እነዚህኑ ዲስኮች ነበር የምትገጣጥመው! እኔም «አካ፣ ወልደሽ ወልደሽ አሁን ደግሞ መቅበር ጀመርሽ» እላታለሁ። «ምን ላድርግ፣ አንተን የመሰለ አልቃሽ አገኘሁ» ትላለች።

ዲስክ የሚገጣጠምበት ክፍል አቧራ አይወድም። ስለዚህ ሴቶቹ ነጭ ካፖርት ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ሸፍነው፣ በየጉንጉናቸው ያለውን ጠምበለል ፈትተው ነበር የሚገቡት። ከበሩ አጠገብ ሽቦ ተወጥሯል፤ ሁሉም አበባዋን እዚያ ላይ ትሰቅላለች። ማታ ሲወጡ አበባው ጠውልጎ ያገኙታል። የናጋራትና ብቻ አይጠወልግም። ለካ የድምፅ ማጉያውን ክፍል የሚጠብቀው ቫሱዴቭ የሚባል ቀጭን ሰው ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰ የሷን አበባ ውኃ ይረጭላት ኖሯል። ሌሎቹ ሲደርሱበት ነገሩ አደባባይ ወጣ፤ ሲስቁባቸው ከረሙና ተጋቡ።

የሥራ መውጫ ሰዓት ሲደርስ በማጉያው «እህቶች፣ አበባችሁን እንዳትረሱ!» የሚለው እሱ ነበር። ለመሣሪያዎች በዓል፣ ለአዩዳ ፑጃ፣ መዝሙሩን የሚያወጣውም እሱ። ድምፁን ስታነሳ የዚያች ሴትዮ ፊት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ይሆናል። በአርባ ስድስት ዓመቱ ልቡ ቆመ። ልጅ አልወለዱም። ያኔ እንደዛሬው ስልክ በየኪሱ የለም፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ ቀረ፤ ድምፁ የትም አልቀረም። በኛ ዘንድ ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት አበባ አታደርግም። እጇ ግን ይኸው እስካሁን ይረሳል። ይህን የነገረችኝ ቀን ስለ ቅማል መቀለዴ ትዝ ብሎኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያ ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። አንድ ጥቅምት፣ በአዩዳ ፑጃ ዋዜማ፣ የቢሮው ዲስኮች ሊጠፉ ወደኛ መጡ። አብሮ የመጣው የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ፣ ሚስተር ራጃጎፓል፣ መሰርሰሪያው አጠገብ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ናጋራትና? የቫሱዴቭ?»

«አለሁ፣ አልሞትኩም» አለች፤ ተሳሳቁ። ከዚያ ሽማግሌው ከሳጥኑ አንዱን ወፍራም ዲስክ አወጣ።

«የፋብሪካችን የሃያ አምስተኛ ዓመት በዓል ትዝ ይልሻል? ካሴቱ ጣሪያው ሲያፈስ በስብሶ ተጣለ። እዚህ ላይ ግን ገልብጠነው ነበር። ቫሱ የዘመረው... እዚህ ውስጥ ነው ያለው።»

እሷ ዲስኩን ተቀብላ ገለበጠችው። የፋብሪካቸው ምልክት አለበት። «ከኛ መስመር የወጣ ነው» አለች። 

በደንባችን የመጣ ዲስክ በመጣበት ቀን ይሰበራል። ዳሩ እኔ ቸኩዬ መሰርሰሪያውን አጥቤ፣ እርድና ቀይ ዱቄት ቀብቼ፣ የአበባ ጉንጉን አልብሼው ነበር። አንዴ ከተቀባ በኋላ በዓሉ ሳያልፍ መሣሪያ አይነካም። ራጃጎፓል ሲሰበር በዓይኑ አይቶ መፈረም ስላለበት ከበዓሉ ማግስት ሊመለስ ተስማምቶ ሄደ። ዲስኮቹ ተቆልፎባቸው አደሩ። ለናጋራትና አካ አንድ ቀን ተገኘላት ብዬ ችኮላዬን አመሰገንኩት።

በበዓሉ ጠዋት ክፉ ዓይን እንዳይነካን ደጃፉ ላይ ዱባ ሰበርን፤ ኢምቲያዝ ባይ እንደየዓመቱ ጣፋጩን በካርቶን ይዞ መጣ። ሰው ሁሉ በልቶ ሲበተን እኔና እሷ ቀረን። ከበዓሉ አበባ ላይ አንድ ዘለላ ጠምበለል ቆርጣ፣ ከተቆለፈበት ባወጣችው በዚያ ዲስክ ላይ አስቀምጣለች። አንጀቴን በላችው።

«አካ» አልኳት፣ «ኮምፒውተሩ ያው። አንድ መዝሙር ነው። ማን ያያል?»

«ግንባሩ ላይ ያለው ቀይ ምንድን ነው?»

እውነትም ኮምፒውተሩን ራሴ ቀብቼዋለሁ። «እሱም መሣሪያ ነው፤ ዛሬ ዕረፍቱ ነው» አለች። ንድድ አለኝ። በማግስቱ ግን ሽማግሌው ሳይደርስ በማለዳ ገባሁ። እሷ ቀድማኝ ዲስኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«በዓሉ አልፏል» አልኳት። «አሁንስ ምን ሰበብ አለሽ? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነ እኮ ነገሩ! ባልሽ ነው! ሃያ ዓመት ያልሰማሽው ድምፅ ነው!»

«አትጩህ፣ ደንቆሮ አይደለሁም።» ዲስኩን በመዳፏ ዳሰሰችው። «የፋብሪካው ክሊኒክ መዝገብም እዚሁ ላይ ነው፤ ራጃጎፓል ሲያስረክብ ዝርዝሩ ላይ አየሁት። አብራኝ ትገጣጥም የነበረችው ቻንድሪካ ሳታገባ ያስወረደችው እዚህ አለ። የእንትና ባል የሰጣት በሽታ እዚህ አለ። ሁሉም አያቶች ሆነዋል ዛሬ። ቫሱን ፍለጋ ስገባ በነሱ ጓዳ ነው የማልፈው።»

«ዓይንሽን ጨፍነሽ እለፊ!»

«ያን ሰውዬ በነጠላ ጫማ ያባረርኩት ዓይኑን ስላልጨፈነ ነው?»

 እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ እሷ ዓይኗ ደረቅ ነበር። «የመብራቱን ገመድ ብቻ ስጠኝ» አለች። «የሚያነበውን ገመድ አትንካ።»

ገመዱን ሰካሁላት። ያ አሮጌ ዲስክ አንዴ ተንተፋተፈ፣ ከዚያ መዞር ጀመረ። ከምንም ጋር አልተገናኘም፤ የሚያወጣው የሞተሩን ዝዝታ ብቻ ነው። ጆሮዋን ለጠፈችበትና ዓይኗን ጨፈነች። ራጃጎፓል በሩ ላይ ደርሶ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። 

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ዲስክ ነው እኮ፣ ምን ይላል? ቂል!» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ጤነኛ ነው ግን። በደንብ ነው የገጠምነው።»

ገመዱን ራሷ ነቀለችው። መዞሩን እስኪያቆም በመዳፏ ይዛ ጠበቀች። ከዚያ መሰርሰሪያው ሥር አስቀመጠችው፤ መለያ ቁጥሩን እኔ አነበብኩ፤ እጀታውን ወደ ታች ሳበች። ብረቱ ጮኸ፤ የብርጭቆ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጣ። ራጃጎፓል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እሷ ግን እስከ መጨረሻው አየችው።

«ጋንጋዳር» አለችኝ፣ ብናኙን በሳሪዋ ጫፍ ከእጇ እየጠረገች፣ «ቫሱ ሲሞት፣ አስከሬኑን ሊያቃጥሉ ሲወስዱት፣ ሴት ወደ እሳቱ አትሄድም ብለው ቤት አስቀሩኝ። ወንድሙ ነው የለኮሰው። እኔ በር ላይ ቆሜ ጀርባቸውን ነው ያየሁት።»

የተበሳውን ዲስክ አንስታ በሁለት እጇ ወደ መፍጫው ወሰደችው።

«ዛሬ ግን እኔው ሸኘሁት። በል፣ ቀጣዩን አምጣ።»