ከኋላ የቆመው ወንድሜ

ልጅ ሳለሁ የበደለኝ ሰው ጋሽ ዘውዴ ይባላል፤ ቦሌ፣ ከቤታችን አጠገብ ፎቶ ቤት ነበረው። የንስሐ አባቴ ይቅር በዪው ሲሉኝ ኖረው ደክሟቸዋል።

ያኔ፣ ደርግ ወንዱን ሁሉ ለጦር በሚመለምልበት ዘመን፣ ዛሬ ፎቅ የተገተረበት ሜዳ ገብስ ሲዘራበት፣ ጋሽ ዘውዴ አመሻሽ ላይ ፋኖሱን ለኩሶ የሰፈሩን ልጆች ከበራፉ ሰብስቦ ተረት ይነግረን ነበር። በተረቱ ንጉሡ ሁልጊዜ ፊት ይቀመጣል፤ የሚያሸንፈው ግን ከበር ኋላ የቆመው፣ ማንም ያላየው ድሃ ነው። «ልጆቼ፣ ከኋላ የቆመውን እዩ» ይለናል። እኔ ጅሏ አመንኩት።

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ሊዘምት ሲል እናቴ መልኩን እንዲያስቀርላት ጋሽ ዘውዴን ለመነችው። እሺ ብሎን ብንሄድ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች። ያኔ ፊልም እንደ ልብ አይገኝም፤ የቀረችው ፊልም ለአንድ ፎቶ ብቻ የምትበቃ ናት። «አንድ ላይ አነሳችኋለሁ» አለና ልጅቱን አበባ አስይዞ ፊት አስቀመጣት፤ ወንድሜን ራቅ አድርጎ ከኋላዋ አቆመው።

ፎቶው የታጠበው ታደሰ ከሄደ በኋላ ነው። የልጅቱ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይታያል፤ ወንድሜ ግን ጢስ ነው፣ ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ወንድሜስ?»

«ያውልሽ ከኋላ። ከጀርባ ያለው ሲደበዝዝ ፊተኛው ይደምቃል፤ አውቄ ነው እንዲያ ያደረግኩት። ጥበብ ነው ልጄ። ሊቀመንበሩ እንዴት እንደወደደው ብታዪ።»

ማታ እናቴ ፎቶውን ከኩራዙ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው።

«የሰው ልጅ ጥርት ብላ እየታየችኝ የገዛ ልጄ ተከለለብኝ» አለች። «ዓይነ ጥላ ነው፤ ዓይኔ ላይ ሰፍሮብኛል።»

ሰው የሚፈራው ምላሴ ያን ማታ ጋሽ ዘውዴ ያለኝን ለእናቴ አላወጣም። ጥፋቱ የዓይኗ ከሆነ ዓይን ይድናል፤ የፎቶው ከሆነ ግን ልጇ መልክ አልቀረውም። ሌላ ፎቶ አልነበረውም፤ እሱም አልተመለሰም።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ በስልካቸው ጀርባውን እያደበዘዙ ይነሳሉ፤ ያምራል ይሉኛል። ማማሩስ ያምራል። እኔ ግን ከኋላ የቆመው ማነው ብዬ እጠይቃለሁ፤ ይስቁብኛል።

ያኔ፣ ፎቶውን ባየን ማግስት፣ ገና ሳይነጋ እናቴ ዓይኗን ጠበል ልትጠመቅ ተነሳች። ዓይኗ ጤነኛ መሆኑን እያወቅኩ፣ ጀሪካኑን አንጠልጥዬ ተከተልኳት።