የብስክሌቴ ጂፒኤስና የእትዬ አዛኑ ማሳ

ያልሆናችሁትን ናችሁ ብሎ የተቀበላችሁ፣ እውነቱን በነገራችሁት ቁጥር ደግሞ ይበልጥ የሚጠራጠር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። ጊዜው 2008 ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር ነበር። ማስተማር ከጀመርሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው፣ ሥራዬ ማስረዳት ሆኖ ሳለ ለአንዲት ሴት ማስረዳት ስላቃተኝ ነው።

አዘዞ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በብስክሌት ረጅም የአስፋልት መንገድ እነዳለሁ። በዚያ ዓመት መሪው ላይ የሚታሰር ጂፒኤስ ለመግዛት ቆርጬ ነበር። ጂፒኤስ ከሳተላይቶች ምልክት እየተቀበለ ያላችሁበትን ቦታ የሚነግር ትንሽ መሣሪያ ነው። የሄዳችሁበትን መንገድ ነጥብ በነጥብ ይመዘግባል፤ ነጥቦቹን አያይዞም ርቀቱን፣ ፍጥነቱንና ዳገቱን ያወጣል። ስልክም ይህን ይሠራል፤ ግን የስልኬ ባትሪ ዳገቱን ሳልጨርስ ያልቅ ነበር።

ጀማል የሚባል ወዳጄ ጎንደር አራዳ ውስጥ ከአባቱ የወረሰው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው። ሁለት ዓይነት አስመጣልኝ። አንደኛው ትንሽ፣ ካርታ የሌለው፣ በቁልፍ የሚሠራ፣ ባትሪው የሚበረክት ነው። ሌላው ሰፋ ያለ ነው፤ ባለ ቀለም ካርታ አለው፣ በጣት ሲነኩት ይሠራል። ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት በኋላ እየሄድሁ ሁለቱን ሳገላብጥ ሰነበትሁ።

“መምህር፣ ሰው ሚስት ሲመርጥ እንኳ እንዲህ አይጨነቅም” አለኝ ጀማል።

“እሷንም በዚሁ መንገድ ነው የምመርጣት።”

“እንግዲያው ቆመህ ቀረህ።”

ከዚያ ሁለቱንም በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። “መንገድ ላይ ሞክራቸው። ሰኞ የጠላኸውን ትመልስልኛለህ” አለ። አራዳ ያሉ የቆዩ ነጋዴዎች ለሚያውቁት ሰው እንዲህ ናቸው።

ቅዳሜ ጧት ሁለቱን ጎን ለጎን አስሬ በደባርቅ መንገድ ወጣሁ። ኮሶዬን አልፌ የወገራ ሜዳ ላይ ስደርስ ቆሜ አየኋቸው። የመዘገቡት ርቀት ይለያያል፤ ያውም በትንሹ አይደለም። ምክንያቱን ገመትሁ። አንደኛው ነጥብ የሚይዘው አራርቆ ከሆነ፣ ጠመዝማዛውን መንገድ እየቆረጠ አሳጥሮታል ማለት ነው። የትኛው እንደሚቆርጥ ለማወቅ ጥግ ጥግ ያለው፣ ዞሬ ከተነሣሁበት የምመለስበት ቦታ ያስፈልገኛል።

ከመንገዱ ዳር ገብሱ የታጨደ ማሳ አየሁ። በአራቱም ጥግ ድንጋይ ተተክሏል። ለእኔ ሙከራ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ብስክሌቴን አጋድሜ አንዱን መሣሪያ በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጄ ይዤ ማሳውን በዳር በዳሩ መዞር ጀመርሁ። ድንጋይ ጋ በደረስሁ ቁጥር ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፤ ነጥቡ እስኪያዝ እጠብቃለሁ፤ ቁልፍ ተጭኜ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

ዙሩን ስጨርስ ከማሳው ጀርባ ካለው ቤት አንዲት ሴት መጡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። በአንድ እጃቸው በርጩማ፣ በሌላው የባቄላ ቆሎ በሳህን ይዘዋል። ስማቸው እትዬ አዛኑ እንደሆነ ኋላ ነው ያወቅሁት።

“አረፍ ይበሉ እንጂ ጌታዬ። ስንጠብቃችሁ ከርመን እንዲሁማ አትሄዱም።”

ለመንገደኛ የሚደረግ ደግነት መሰለኝ። ተቀምጬ ቆረጠምሁ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

“አንድ ነገር ልንገርዎ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ያ የላይኛው ድንጋይ ቦታው አይደለም። ባሌ የተከለው እዚያ ግራሩ ሥር ነበር። እሱ ሲሞትብኝ ወንድሙ ነቅሎ ወደ እኔ አስገባው። እርስዎ ደግሞ ድንጋዩን አይተው ዞሩ።”

ቆሎው አፌ ውስጥ ቀረ። በዚያ ሰሞን የመሬት አስተዳደር ሠራተኞች በየቀበሌው እየዞሩ ማሳ ይለኩ ነበር። ጂፒኤስ ይዘው ወሰኑን በእግር ይዞራሉ፤ በየጥጉ እየቆሙ ነጥብ ይይዛሉ፤ የለኩት በመሬት ደብተሩ ላይ ይሰፍራል። ጎረቤት ቀበሌ ደርሰው እንደነበር እትዬ አዛኑ ነገሩኝ። እኔ ያደረግሁት ሁሉ እነሱ የሚያደርጉት ነው።

“እትዬ፣ እኔ መምህር ነኝ። ይህ የብስክሌት ነው፤ የመንገድ ርቀት ነው የሚያየው” አልኋቸው።

“ታዲያ ምነው መንገዱን ትቶ የእኔን ማሳ ዞረ?”

ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ወደ ሰማይ እየጠቆምሁ ስለ ሳተላይት ነገርኋቸው። ቀና ብለው ጥቂት አዩና መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

“ከላይም ተመዝግቧል በሉኛ” አሉ።

ይህን ለመመለስ ከፊታቸው መሣሪያዎቹን ከፍቼ የዞርሁበትን መስመር አጠፋሁት። ይህን ጊዜ የባላቸው ወንድም አያ ፈንታ ማጭዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ደረሰ። መጀመሪያ በርጩማውን፣ ቀጥሎ ቆሎውን፣ መጨረሻ እኔን አየ።

“ምነው እኔ ሳልጠራ ተለካ?”

“አልተለካም፣ አያ። እዩት፣ አጥፍቼዋለሁ።”

“በእኔ ድንጋይ የተለካውን አጠፋኸው?” አለ። “በአንድ ሳህን ባቄላ ገዛችህ?”

እትዬ አዛኑ ተነሥተው እጅጌዬን ያዙ። “አጥፍተውት ከሆነማ በፊተኛው ወሰን ይዙሩልኝ። ከግራሩ ሥር ይነሡ። እኔ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ።”

ብዞርላቸው በባዶ ነገር ይጽናናሉ፤ ሰውየውም ጠብ ያነሣል። ባልዞር ደግሞ ለእሱ ያደላሁ ይመስላቸዋል። የሚናገረው እኔ ሳልሆን በእጄ ያለው ዕቃ ሆነ። “አልችልም” ብቻ አልሁ። ብስክሌቴን ሳነሣ እትዬ አዛኑ ተከትለው መጥተው ስሜን ጠየቁኝ። ስሜንና ትምህርት ቤቴን ነገርኋቸው። እንዳይረሱት ደጋግመው ለራሳቸው አሉት።

ሰኞ ጎንደር ውስጥ የመሬት ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ጠየቅሁ። ቀያሾቹ ሲመጡ ወሰኑን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች አብረው ይቆማሉ፤ የአንተ ዙር የትም አልተጻፈም አለኝ። ቀለለኝ። ይህን ለመንገር በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ወጣሁ።

የእትዬ አዛኑ ቤት ተዘግቷል። አያ ፈንታ ከላይኛው ድንጋይ ጀምሮ ካብ እየካበ ነበር።

“አዛኑ የለችም። አንተን ልትከስ ወረዳ ሄዳለች” አለኝ። “ስምህን እንደ ዳዊት እየደገመች ነው የሄደችው።”

“መሬቱ እኮ አልተለካም። ለካሁ ብዬም አላውቅም።”

“አንተ ባትልም ዞረሃል። አገር አይቶሃል።” ሌላ ድንጋይ አንሥቶ አስቀመጠና በእጁ መታ መታ አደረገው። “ደግሞ ሸጋ አድርገህ ነው የዞርኸው።”

ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ እትዬ አዛኑን አገኘኋቸው። በርጩማ አላወጡም። የጎንደሩ ሰው የነገረኝን ሁሉ፣ ሽማግሌዎቹንም ጭምር፣ በሥርዓት አስረዳኋቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝ።

“ወረዳ ስምህን ያወቀው የለም” አሉኝ። “ሌላም ለካሁ ያለ ሰው የለም። ታዲያ አንተ ማን ነህ?”

መምህር ነኝ አልሁ፤ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። አንገታቸውን ነቅንቀው ገቡ።

ለጀማል ባለ ካርታውን መለስሁለት። ትንሹ ዛሬም መሪዬ ላይ አለ። የትኛው ትክክል እንደነበር አላወቅሁም። በዚያ ሳልፍ ካቡ ከአስፋልቱ ላይ ይታያል። ቀያሾቹ መጥተው በየትኛው ወሰን እንደለኩ ወርጄ ልጠይቅ አስባለሁ። ግን ማን ነኝ ብዬ እጠይቃለሁ?

እናንተ የምታነቡኝ፣ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ስትገዙ ይዛችሁት ወደ ገጠር ውጡ። ከመክፈታችሁ በፊት መጀመሪያ ላገኛችሁት ባለ ማሳ ምን እንደሆነ አስረዱት። ሳተላይት አትበሉ፤ ወደ ሰማይም አትጠቁሙ። እሱ ካመናችሁ፣ ምን ብላችሁ እንዳስረዳችሁት ጻፉልኝ። ሄጄ የምነግራቸው ሴት አሉ።