አስፋልት ላይ የተንበረከከችው ግመል

የሰፈሩ ሰው ሽማግሌውን «ጎማ የለሹ» ይላቸዋል። ልጃቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነዋ! አባት በግመል፣ ልጅ በጎማ፤ ማታ ማታ አንድ ገበታ ላይ ሲነታረኩ ጎረቤት በነጻ ይዝናናል። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በሙሉ በረሃ የሚያቋርጥ ሲራራ ሲመሩ ኖረው የቀረቻቸው አንዲት መሪ ግመል ናት። ጥርሷ እንደ ጌታዋ አልቋል፤ ኩራቷ ግን ንክች አላለም።

«አባዬ፣ በግመል መሄድ እኮ ቀርቷል። ለሥጋ ነጋዴው እንስጣት» አለ ልጅ።

«በረሃውን በእሷ ተሻግሬ ማዶ ገበያ ከገባሁ ከእኔ ጋር ታረጃለች። ካልገባሁ ለፈለግከው ስጣት። ቃሌ ነው።»

ሲወጡ ጎረቤቲቱ በአጥር ብቅ ብላ «አደራ፣ ነዳጅ እንዳያልቅብዎት!» አለቻቸው።

«የእኔዋ በውኃ ነው የምትሄደው። ነዳጅ የሚያልቅበትስ ያንቺ ባል ነው!»

በረሃው አላሸነፋቸውም። የድሮው የውኃ ጉድጓድ ሲቃረብ ግመሏ ፈጠነች፤ ደርሳም ተንበረከከች። አስፋልት መሐል! ጉድጓዱ ከአስፋልቱ ሥር ተደፍኗል።

መንገደኛው መኪና ሁሉ ከፊት ከኋላ ጡሩምባውን ለቀቀው። ቢጎትቷት፣ ቢለምኗት፣ እሷ እቴ! እዚያ ቦታ የለመደችው ሌላ ነው፦ ውኃ ቀጂዎቹ አንዱ ሲያዜም ሌሎቹ እየተቀበሉት ትጠጣለች፤ ዜማው ሲያበቃ ትነሳለች። አንድ ሹፌር በጀሪካን ውኃ ቢያቀርብላት አሽትታ ፊቷን አዞረች። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው አዜሙ። ግመሏ ንቅንቅ አላለችም። ደገሙት። ተቀባዮቹ ሁሉ አፈር ለብሰዋል፤ ማን ይመልስ?

የሹፌር ወሬ ከመኪናው ይቀድማል፤ ልጅየው በስልክ ሰምቶ እየከነፈ ደረሰ።

«ተቀበለኝ» አሉት።

«አባዬ፣ አላውቀውም እኮ። መቼ አስተማሩኝ?»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። «አንተ መኪና ተማር፣ እኔን ያቃጠለኝ ፀሐይ ይበቃል» ያሉት ራሳቸው ነበሩ።

ሹፌሮች ተጋግዘው በገመድና በጣውላ የልጅየው መኪና ላይ ጫኗት። «ጋቢና ይግቡ» ቢባሉ እምቢ ብለው ኋላ፣ ከጎኗ ተቀመጡ፤ በሲራራው ዘመን ሲተኙ እንደሚያደርጉት መሪ ገመዷን እጃቸው ላይ አስረው።

መገንጠያው ላይ ልጅየው መኪናውን አቆመ። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «አባዬ… ወደ ቤት ነው አይደል?» አለ።

ሽማግሌው ገመዱን ከእጃቸው ፈቱት።

«ገበያው ጋ አልደረስኩም፣ ልጄ። ወደ ሥጋ ነጋዴው ንዳ።»